ቆራጩ ጠፋ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ አይቼው የማላውቅ አንድ ሰውዬ ነበር። ስሙ ቆራጩ ነው። መልኩን አላውቅም፣ ድምፁንም ሰምቼ አላውቅም፤ እንደማይወደኝ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ቢወደኝማ ኖሮ እሱ የሚሠራበት ክፍል ድርሽ እንዳልል ባልተከለከልኩ ነበር።

ቤታችን መንገድ ዳር ነው። የፊቱ ክፍል የአባዬ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበር፤ ትልቅ መስተዋት፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር። ከኋላው በወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ የተለየ ክፍል አለ። ጓዳ እንለዋለን እንጂ የሚበላ ነገር አይቀመጥበትም። ያለው አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በሁለት እጄ የማላነሳው ትልቅ መቀስ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የካርቶን ልኮች፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ የተሰቀለ ግራጫ ጋዋን ነው። ጓዳው በጓሮ በኩል ሌላ በር ነበረው። ቆራጩ በዚያ በር እንደሚገባና እንደሚወጣ ማንም ሳይነግረኝ ደርሼበታለሁ።

አባዬ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ደንበኛ ሲገባ ሜትሩን ከአንገቱ ያወርድና፣ እስቲ ዞር በሉ፣ እስቲ ክንድዎን ዘርጉልኝ እያለ፣ እያሳቀ ይለካል። ሆዱ የገፋ ሰው ከመጣ «ይሄ ሆድ አይደለም፣ ምቾት ነው፤ ምቾት ደግሞ ቆራጩ ያውቅበታል» ይለዋል። ትከሻው የወደቀውን «ግድ የለም፣ ቆራጩ ያቃናዋል» ይለዋል። መቼ ይደርስልኛል? ሲሉት «ቆራጩን ልጠይቀው»። ጨርቁ ይበቃል ወይ? ሲሉት ጨርቁን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ይገባና ፊቱን አብርቶ ይመለሳል። «ይበቃል ብሏል። እንዲያውም ካወቅንበት ለልጅዎ ሰደርያ ይወጣዋል ይላል።»

እማዬ በበኩሏ ዝምተኛ ናት። የምታፌዝበት ሰው ቢኖር አባዬ ብቻ ነበር። «አንተ እኮ እግዜር አፍ ሲያድል ቀድመህ ተሰልፈህ፣ እጅ ሲያድል ግን እንቅልፍ ወስዶህ ነው» ስትለው እሰማለሁ። እኔ ሁሌ ሳህን ስለሚሰብር መሰለኝ።

የቤታችን ትልቁ ደንበኛ ጡረታ የወጡት ዳኛ ነበሩ። አዲስ ኮት ሲለኩ መስተዋቱ ፊት ቆመው ትከሻቸውን በግራ በቀኝ ያያሉ፣ ክንዳቸውን ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። «እጁን ይባርከው! እንዲህ ያለ ወንድ እናት ትውለድ!» ይላሉ። እማዬ ሻይ ይዛላቸው ቆማለች። «አሜን» ትላለች ቀስ ብላ። ይገርመኝ ነበር። ለሌላ ሰው የተመረቀውን ምርቃት እሷ ምን አግብቷት ትቀበለዋለች?

ዛሬ ዞሬ ሳስበው በዚያ ቤት ውስጥ የዋሸ ሰው አልነበረም። የዋሸላቸው ቋንቋው ነው። ቆራጭ ሲባል ሰሚው ሁሉ በየልቡ ሱሪ ያለብሰዋል፤ አባዬ የጨመረው ነገር የለም፤ የቃሏን የመጨረሻ ፊደል ሳይለውጥ ተዋት እንጂ።

እኔም በበኩሌ አለበስኩት። ቆራጩን ረጅም አደረግኩት፤ ጥቁር ጢም ሰጠሁት፤ ቅንድቡን አገናኘሁበት። ምልክቶቹም እየበዙ መጡ። አንድ ቀን አስተማሪያችን አሟት ከትምህርት ቤት ቀደም ብለን ተለቀቅን። ሮጬ ገብቼ በጓዳው በር ጀርባ ስደበቅ ፊቴ ጋዋኑ ላይ አረፈ። ጋዋኑ ሞቅ ይላል። ሰው አሁን ያወለቀው ጋዋን ነው። የጠመኔ ሽታ አለው፣ የሱፍ ሽታ አለው፣ ከሥር ደግሞ የማውቀው ሌላ ሽታ አለው። ሮጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማንም የለም። እማዬ ብቻ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ብጣሽ ጨርቅ እያራገፈች ነበር። ምስኪን እናቴ፣ አልኩ በሆዴ፣ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ጠርጋለት ታድራለች።

እማዬ አውራ ጣቷ ሥር ጠጠር የመሰለ፣ ቢጫ፣ ደረቅ ነገር ነበራት። «ምንድነው እማዬ?» ስላት «ሥራ ነው» አለችኝ። ሽንኩርት መክተፍ እንዲህ እንደሚያደርግ ገምቼ፣ ሳድግ ሽንኩርት ላልከትፍ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ትምህርት ቤት አስተማሪያችን አባትሽ ምን ይሠራል፣ እናትሽ ምን ትሠራለች እያለች ሁላችንንም በተራ ጠየቀችን። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ። «አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችን ደግሞ ቆራጭ አለ። እናቴ ምንም አትሠራም፣ ቤት ነው የምትውለው።» ማታ ይሄንኑ ለእማዬ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው ትንሽ ቆም አለ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ደህና መልሰሻል» አለችና መላጧን ቀጠለች። ልጣጯ መቼም ተቆርጦ አያውቅም፤ ድንቹን ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ይዞር ነበር።

በዚያው ሰሞን ትኩሳት ይዞኝ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ከጓዳው የሚለየኝ ስስ የእንጨት ግድግዳ ነበር። ቀትር ላይ ከእንቅልፌ ስባንን የመቀሱን ድምፅ ሰማሁ። ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ የሚሄድ ትልቅ መቀስ ድምፁ ክርች፣ ክርች ነው፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ቆራጩ እዚህ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ ነው። ትንፋሼን ዋጥኩ።

«አንተ» አለ የአባዬ ድምፅ፤ ከደንበኛ ጋር የሚያወራበት ድምፅ አይደለም፤ ለስለስ ያለ ነው። «ኧረ ትንሽ እረፍ። እጅህ እኮ አብጧል።»

የሆነ ሰው በሹክሹክታ መለሰ። የተኛሁ መስሏቸው ነው ድምፃቸውን የቀነሱት። ሹክሹክታ ደግሞ የወንድ የሴት የለውም።

«ይደርሳል ባክህ» አለ አባዬ። «ስማኝማ፣ አንተ ባትኖር እኔን ማን ከሰው ይቆጥረኝ ነበር?» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልጋዬ ላይ ቅናት አንገበገበኝ። አባዬ ለእማዬ እንዲህ ለስልሶ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም ነበርና።

መቀሱ ሲቆም እማዬ ገብታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። እጇ ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

«ሰውዬው ሄደ?» አልኳት።

«የቱ ሰውዬ?»

«ቆራጩ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ልትስቅ ነው ስል አልሳቀችም። «ሄደ፣ የኔ እናት። ተኚ» አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ አሁን አሁን ይገባኛል። ያኔ አፌ ወንፊት ነበር፤ የነገረችኝ እንደሆነ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ሰፈሩ ከሰማ ደግሞ ሱቁ አለቀለት።

ከከተማው ዳር የልብስ ፋብሪካው የተሠራው በዚያ ዓመት ነው። ጣሪያው ከሩቅ ያብረቀርቃል። ከመንደራችን ሴቶች እዚያ ለመቀጠር ያላለመች አልነበረችም። ጎረቤታችን እትዬ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው የሰው ልብስ እያጠበች ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ተሰልፋ ትመለስና ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ትላለች። «ምን አሉሽ ዛሬ?» ትላታለች እማዬ። «ጠብቁ ነው የሚሉት። መቁረጫው ሥራ ሳይጀምር ሰፊ አንቀጥርም አሉ።» «ለምን አይጀምሩም?» «እኔ ምን አውቄ! የሚቆርጥ የለም አሉ።» እማዬ ያን ጊዜ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርግና ዝም ትላለች። ያቺን ዝምታ አስተውያታለሁ፤ ትርጉሟን ግን አላወቅኩም። ያዘነችላት መሰለኝ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሱቃችን የመጣው ቅዳሜ ቀን ነው። ዳኛው የአዲስ ኮታቸውን ልክ ሊሞክሩ መጥተዋል፤ እትዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ከአግዳሚው ሥር በብጣሽ ጨርቅ እጫወታለሁ። ጫማው የሚያንጸባርቅ ሰው ገባ። ሰላምታም በቅጡ ሳይሰጥ ዳኛውን የለበሱትን አሮጌ ኮት አስወለቃቸውና ገለበጠው። ገበሩን አየ። ስፌቱን በጣቱ ተከተለ። የጨርቁ መስመር ከኪሱ መስመር ጋር ዝንፍ ሳይል ገጥሞ ሲያገኘው በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ማነው የቆረጠው?»

«የኛ ቆራጭ ነዋ!» አሉ ዳኛው፣ ራሳቸው የወለዱት ያህል ኮርተው።

እማዬ ሻይ ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። ጫማው አፍንጫዬ ሥር ነበር። «ወንድሜ» አለው አባዬን፣ «ያለሁበትን ብነግርህ ታዝንልኛለህ። ጨርቁ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ መጋዘን ሞልቷል። ማሽኑ ተተክሏል። ሰፊው በር ላይ ተኮልኩሏል። ቆራጭ ጠፋ! ያገኘሁት ሁሉ ጨርቁን እንደ ጎመን ነው የሚከትፈው፤ ግማሹ ብጣሽ ሆኖ ይቀራል። ይሄ ሁሉ ሀብት በአንድ ሰው እጦት ይቁም? ሀገር እኮ ሰው አጣ። ቆራጭ ጠፋ።»

እኔ ከአግዳሚው ሥር የሰማሁት «ቆራጩ ጠፋ» የሚለውን ነው። ራሴን አወጣሁ።

«ማነው የጠፋው?» አልኩ።

«ግቢ አንቺ!» አለኝ አባዬ። ላብ ላብ ብሎታል።

«ያንተን ሰውዬ አገናኘኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምን ይፈልጋል? የፈለገውን እሰጠዋለሁ። የመቁረጫውን ክፍል በሙሉ አስረክበዋለሁ። እሱ ዛሬ እሺ ካለኝ ሰኞ ሰፊዎቹን አስገባለሁ።»

ይሄን ሲል የእማዬ ትሪ ላይ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። እትዬ ከደጃፉ ብድግ አለች። አባዬ ወደ እማዬ አየ፣ እማዬም ወደ አባዬ አየች። እንዲያ ዓይኗ ቦግ ብሎ አይቼው አላውቅም። ጥራኝ፣ በለው፣ እያለችው ነበር። ይሄ ግን የገባኝ አድጌ ነው። ያን ጊዜ ሻዩ ሊፈስ ስለሆነ የምትጨነቅ መስሎኝ ነበር።

«እሱ…» አለ አባዬ። «እሱ እንኳን ሰው ፊት አይወጣም።»

«ምነው? ሌባ ነው እንዴ?» አሉ ዳኛው እየሳቁ። «ስንት ዓመት ሲያለብሰኝ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ እጁን ጨብጬ አላመሰገንኩትም። ጥራው እንጂ!»

«ዛሬ የለም ጋሼ።»

«የት ሄደ?»

«እንጃ… ጠፋ» አለ አባዬ።

አባዬ ምን እንዳስፈራው ዛሬ አውቀዋለሁ። የቤታችን እንጀራ በዳኛውና በጓደኞቻቸው ትከሻ ላይ ነበር። ሱፍ የሚያህል ክቡር ነገር፣ አደባባይ የሚወጡበት፣ ሠርግና ቀብር የሚቆሙበት ልብስ፣ አንዲት ሴት ጓዳ ውስጥ እየቆረጠች እንዳለበሰቻቸው ካወቁ አይመለሱም። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። ያ ባለ ጢም ሰውዬ ጠፍቷል፤ ሰው ሁሉ እየፈለገው ነው፤ እትዬም ሥራ የምታጣው በእሱ ምክንያት ነው፤ ያለበትን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

«አልጠፋም!» ብዬ ጮህኩ። ከአግዳሚው ሥር ወጥቼ መሀል ቆምኩ። «አባዬ ውሸቱን ነው! ቆራጩ አልጠፋም፤ ጓዳ ነው ያለው። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ነው እማዬ ጋ የሚመጣው። ጋዋኑን የምትሰቅልለት እማዬ ናት፤ ሲያወልቀው ይሞቃል። ሰው ሲመጣ በጓሮ በር ይወጣል። ትኩሳት የያዘኝ ቀን እዚሁ ነበር፣ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ!»

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። ዳኛው ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ መሄድም መቀመጥም ያቃተው ይመስል ባርኔጣውን ያገላብጣል። እኔ ሰው የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት እመለከታለሁ።

አባዬ እማዬን አያት። እሷ ትሪውን አልለቀቀችም፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። የዚያን ጊዜ አባዬ ምርጫ ነበረው ለማለት እቸገራለሁ። ወይ የሱቁ ስም ነው፣ ወይ የሚስቱ ስም ነው። ሳቅ ብሎ ጀመረ፤ አብሮት የሚስቅ ሲያጣ ተወው።

«እሱ እኮ» አለ፣ «እሷ ናት።»

«እንዴት?» አሉ ዳኛው።

«ቆራጩ እሷ ናት ጋሼ። አባቷ ናቸው ያስተማሯት። ይሄ ሱቅ የሳቸው ነበር፤ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። እኔ ተለማማጃቸው ነበርኩ፤ እጄ መስመር አልይዝ አለኝ። እሷ ያዘች። ጋዋኑም የሳቸው ነው፣ ስትቆርጥ ትለብሰዋለች።»

ሥራ አስኪያጁ ከአባዬ ወደ እማዬ፣ ከእማዬ ወደ አባዬ ተመለከተ። «ግን እሱ፣ እሱ ስትለኝ አልነበር አሁን?»

«ቤት ውስጥም አንተ ነው የምላት» አለ አባዬ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። «ከተጋባን ጀምሮ። የፍቅር ነው።»

እኔ ደረቅ ብዬ ቀረሁ። ጢሙ ረገፈ፣ ቅንድቡ ረገፈ፣ ቁመቱ አጠረ። ጋዋኑ ውስጥ የነበረው ያ የማውቀው ሽታ የእማዬ ሽታ ነበር።

እማዬ ትሪውን መኪናው ላይ አስቀመጠች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ሱቁ ውስጥ፣ በደንበኛ ፊት፣ አሜን ከማለት አልፋ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ነው።

«ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?» አለችው ሥራ አስኪያጁን። «ስፋቱስ? በአንዴ ስንት ደርባችሁ ነው የምትቆርጡት?»

ሰውዬው አልመለሰላትም። ፊቱን ወደ አባዬ አዞረ። «ጎበዝ ሚስት አለችህ። እግዜር ይባርክልህ» አለ። «ግን እየው፣ መቁረጫው ክፍል ያሉት ወንዶች ናቸው። ሴት አለቃ ባስቀምጥባቸው ነገውኑ ሥራ ያቆሙብኛል። በላይ ያሉትስ ምን ይሉኛል? ክር ለቀማው ላይ ከፈለገች ቦታ አላጣላትም። ወይም አንተ ና። በአንተ ስም ልቅጠርህ፤ እሷ እቤቷ ሆና እንዴት እንደሆነ ትንገርህ። ማን ያያል?»

አባዬ አፉን ከፈተ። እሺ ሊል እንደነበር እስከ ሞቱ ድረስ አልካደም።

«ከአንዱ ጓዳ ወጥቼ ሌላ ጓዳ ልግባ?» አለች እማዬ። ድምፅዋ አልጨመረም። «ለመቁረጥ ከሆነ ሰኞ እመጣለሁ። በበሩ፣ በጠዋት፣ ሰው እያየኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን ደፋ። በሩ ላይ ደርሶ ለዳኛው ራሱን ነቀነቀላቸው። «እንግዲህ ከሩቅ ማስመጣት ነው፤ ምን ይደረግ» አለ ከልቡ አዝኖ። «ሰው የለም።»

እማዬ እዚያው ቆማ ነበር።

ዳኛው በሳምንቱ መጡ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ያስጀመሩትን ጨርቅ ቶሎ ስለሚፈልጉት ሊወስዱት እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ዓመታት የለበሱትን ኮት ትከሻ እየነካኩ «እኔ እኮ ሁሌ እዚህ ጋ ትንሽ ይይዘኝ ነበር። ለካ!» አሉ። አባዬ ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ኖሮ ሳይሆን ሌላ የሚያደርገው ስላጣ። ከሳቸው በኋላ ሌላው መጣ፣ ከሌላው በኋላ ሌላው፤ አንዱ እጅጌው አጥሮበት፣ አንዱን ኮሌታው ቆርቁሮት። በአንድ ወር ውስጥ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ልብሱ ጠበበው።

አባዬን በብዙ ነገር እቀየመዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱን ሳስብ ቅያሜዬ ይላላል። የመጨረሻው ደንበኛ ጨርቁን ይዞ በሄደበት ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ ሰማያዊውን መጋረጃ ነቀለው። ጠረጴዛውን እየጎተተ መስተዋቱ አጠገብ አመጣው። «በል እንግዲህ አንተ» አላት፣ እኔ እየሰማሁ፣ መንገደኛ እያየ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቁረጥ። የሚመጣ ይምጣ።» ብዙም አልመጣም። የተማሪ ልብስና የተቀደደ ሱሪ እየጠጋገንን፣ አንዳንዴም በልተን አንዳንዴም ሳንበላ ተኝተን ኖርን።

ፋብሪካው ከሩቅ ቆራጭ አስመጣ። ሰፊዎቹም ተቀጠሩ፤ እትዬም ገባች። እኛ ልጆች ደግሞ ከፋብሪካው ጀርባ ብጣሽ የሚጣልበትን ጉድጓድ አገኘን። እየተጠቀለልንበት፣ እየተወራወርንበት እንውላለን። አንድ ቀን ደህና ደህናውን መርጬ ለአሻንጉሊቴ ብዬ ቤት አመጣሁ። እማዬ ከእጄ ወሰደችው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለችው፣ በስንዝሯ ለካችው፣ አዙራ እንደገና ለካችው።

«ይሄን ነው የሚጥሉት?»

«ሞልቷል እማዬ። ተራራ ነው።»

«ይሄ እኮ ብጣሽ አይደለም» አለች። «የልጅ እጅጌ ነው። ይሄኛው ኮሌታ ነው። ይሄ ደግሞ… ይሄማ ሙሉ ጀርባ ይወጣዋል።» ስትናገር ያመማት ትመስል ነበር። ሬሳ ገልጣ እንደምታይ ሰው ነበር የምታየው። አባዬ ዓይኑን ከመኪናው ሳያነሳ «በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ጨርቅ» አለ። ከዚያ በኋላ የመንደራችን ልጅ ሁሉ እማዬ ከጉድጓዱ ብጣሽ የገጣጠመችለትን ልብስ ለበሰ።

እኔ ትምህርቴን ሳልጨርስ ፋብሪካው ተዘጋ። እትዬ ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች፤ ሱቃችን ደጃፍ ተቀምጣ «ጨርቅ አለቀ አሉን» ብላ ነገረችን። እማዬ በመስኮት ጉድጓዱ ወዳለበት በኩል አየች።

ዛሬ ሥራዬ የተዘጋ ፋብሪካ ለምን ተዘጋ ብሎ ማጣራት ነው። የምሄድበት ከተማ ሁሉ የሚነግሩኝ አንድ ነው። ጥሬ ዕቃ አጠረን፣ ምንዛሪ አጠረን፣ ከሁሉ በላይ የሠለጠነ ሰው አጠረን። እኔም ራሴ እንዲሁ ብዬ ጽፌ አውቃለሁ፤ አለቆቼ የሚገባቸው እንዲህ ሲባል ነው። ግን ስብሰባው መሀል ሻይ ይዛ የምትገባ ሴት ስትኖር ቃሌ ይጠፋብኛል። እጇን አያለሁ። አውራ ጣቷን አያለሁ። ይቺ ደግሞ ምን ትችል ይሆን? እላለሁ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ የጀመርኩትን እቀጥላለሁ።

አባዬ ከሞተ ወዲህ እማዬ እኔ ጋ ናት። ጆሮዋ ደክሟል፤ መቀስ መጨበጥም ትታለች። ባለፈው እሑድ እንደልማዷ ሬድዮኑ ሥር ተቀምጣ ነበር። የሆነ ባለሥልጣን ስለ ሀገሪቱ ኢኮኖሚ ማብራሪያ ይሰጣል። ሀብት እያለን፣ መሬት እያለን፣ ማሽን እያለን፣ ይላል፤ ችግሩ ባለሙያ ነው፤ ሰው ጠፍቷል።

እማዬ ደንገጥ ብላ አንገቷን አሰገገች። የሆነ ሰው ልጅ የጠፋ መስሏታል።

«ማነው የጠፋው?» አለችኝ።

ሬድዮኑን ዘጋሁት። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። ያ ደረቅ ነገር አውራ ጣቷ ሥር እስከ ዛሬ አለ፤ አልለሰለሰም። አባዬ ከሄደ በኋላ ማንም በዚያ አጠራር ጠርቷት አያውቅም። እኔም ደፍሬ አላውቅም ነበር።

«አንተ ነሃ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ቆይቶ ገባት። እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«እዚሁ ነበርኩ እኮ» አለች።